ማጥፊያውን ከማንሳቴ በፊት በሩን አያለሁ

ሐዋሳ አቶቴ አካባቢ ትንሽ ልብስ ስፌት ቤት አለኝ። ዘጠኝ ሆነን እንሠራለን። ከዚያ በፊት ግን ፋብሪካ ውስጥ የመስመር ሱፐርቫይዘር ነበርኩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከመተኮሻ ጠረጴዛ ሥር የተጠራቀመ ቁርጥራጭ ጨርቅ መጨስ ጀመረ። የእሳት ማጥፊያ አውርጄ ረጨሁበት። ነበልባሉ ወዲያው ጠፋ፤ ልጆቹም «ጎሽ!» አሉኝ። ደቂቃ ሳይሞላ ከክምሩ ውስጥ መልሶ ተነሳ። ማጥፊያዬ አልቋል። ሁለተኛውን አመጣሁ፣ ፒኑን ነቀልኩ፣ እጀታውን ጨመቅኩ። እፍ ብሎ ቀረ። የግፊት ጠቋሚው ቀዩ ላይ እንደነበር ያየሁት በኋላ ነው። ዞር ስል ጢሱ በእኔና በበሩ መሀል ገብቷል። ጎንበስ ብዬ ግድግዳውን እየዳበስኩ ወጣሁ።

ማንም አልተጎዳም። እኔ ግን ያን ቀን የተሳሳትኩት ሁለተኛውን ማጥፊያ ፍለጋ ስሄድ እንደሆነ ዛሬም አምናለሁ። አንዱ ካለቀና እሳቱ ካለ መውጣት ነበረብኝ።

ስለዚህ እኔ ቤት ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። እሳት ያየ ሰው መጀመሪያ «እሳት!» ብሎ ይጮሃል። ሌሎቹ መውጣት ይጀምራሉ፤ አንዱ ወደ እሳት አደጋ ይደውላል። ቁጥሩ በሩ ላይ በትልቁ ተለጥፏል። ማጥፊያ የሚነሳው ከዚህ በኋላ ነው። እሱም ቢሆን እሳቱ ከአንድ የቆሻሻ ቅርጫት የማይበልጥ ከሆነ፣ የሚነደውን ነገር ካወቅን፣ ሳናስል መተንፈስ ከቻልንና በሩ ከኋላችን ካለ ብቻ። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ማጥፊያውን ትቶ መውጣት ነው። እሳቱ ጣሪያ ከነካማ ጥያቄም የለውም።

በሩን አጥብቄ የማነሳው በምክንያት ነው። እዚህ ሰፈር አብዛኛው መስኮት የብረት ፍርግርግ አለው። በመስኮት እንወጣለን ብላችሁ አታስቡ።

ባለ 6 ኪሎ የዱቄት ማጥፊያ ስንት ጊዜ የሚቆይ ይመስላችኋል? ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ገደማ ነው። ባለ 2 ኪሎ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ከዚያም ያጥራል። ልጆቼን ሳሠለጥን ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ፤ ሃያ ላይ ስደርስ ሁሉም ይደነግጣሉ። ፒኑን ነቅላችሁ እዚያው ጥቂት ሞክሩት። ከሠራ ከሁለት እስከ ሦስት ሜትር ርቃችሁ ቁሙ። ነበልባሉ ላይ ሳይሆን ከሥሩ አነጣጥሩ። እጀታውን ጨምቃችሁ ከግራ ወደ ቀኝ እያመላለሳችሁ ርጩ። ሲጠፋ ጀርባ ሰጥታችሁ አትሂዱ፤ ዓይናችሁን ሳትነቅሉ ወደ ኋላ እያላችሁ ውጡ።

ጨርቅ ላይ የደረሰብኝ ነገር ምክንያት አለው። ዱቄት ነበልባሉን ያጠፋል እንጂ አያቀዘቅዝም። በክምር ጨርቅ ውስጥ ያለው ፍም ግን ይቆያል። ነበልባሉ ከጠፋ በኋላ ክምሩን የሚገድለው ውኃ ነው፤ በደንብ እስኪርስ ማፍሰስ፣ ግን ኤሌክትሪክ ከተቋረጠ በኋላ ብቻ።

የስፌት ማሽን ሞተር ወይም የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ከነደደ ውኃ ክልክል ነው። ብሬከሩ ጋ በሰላም መድረስ ከቻላችሁ አውርዱት፤ ከዚያ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወይም ዱቄት። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ስትረጩ ቀንድ የሚመስለውን አፉን በእጃችሁ አትያዙ፤ ቆዳ እስኪጎዳ ይቀዘቅዛል። ጠባብ ክፍል ውስጥ ከረጫችሁም ቶሎ ውጡ፤ አየሩን ይሻማችኋል።

ምግብ የሚሠራበት ጥግ ካላችሁ ዘይት ሲነድ ውኃ አትድፉ፤ ምድጃውን አጥፍታችሁ ክዳን ግጠሙበት። የጋዝ ሲሊንደር ከሆነና መዝጊያውን መዝጋት ካልቻላችሁ ነበልባሉን ለማጥፋት አትታገሉ። እሳቱ ጠፍቶ ጋዙ እየወጣ ከቀጠለ ሌላ ጣጣ ነው። ሁሉም ይውጣ።

ስትወጡ ቦርሳ የለም፣ ስልክ የለም፣ ያለቀ የሙሽራ ቀሚስ የለም። ጢስ ካለ ጎንበስ በሉ፤ የተሻለው አየር ከታች ነው። በሩን ከኋላችሁ ገጠም አድርጉት፤ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ ገብቶ እሳቱን ያራግበዋል። ገጠም እንጂ ቁልፍ አይደለም።

ቁልፍ ሲነሳ ባለቤቶችን ልለምን። ጨርቅ እንዳይሰረቅ ብላችሁ የጓሮውን በር የምትቆልፉ አላችሁ። በ1911 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ ትሪያንግል የሚባል የልብስ ፋብሪካ ተቃጠለ። እሳቱ የተነሳው ቁርጥራጭ ጨርቅ ከተጣለበት ማጠራቀሚያ ነው፤ ልክ እንደ እኔው። ከመውጫዎቹ አንዱ ተቆልፎ ነበር። 146 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ሰው ውስጥ እያለ የጓሮ በሬን ቆልፌ አላውቅም። የእኛም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛን ደህንነት የመጠበቅ ግዴታ የአሠሪው እንደሆነ ይናገራል።

ሰኞ ሰኞ ጠዋት፣ ማሽን ከመነሳቱ በፊት፣ ማጥፊያዎቹን አያለሁ። ጠቋሚው አረንጓዴ ላይ ነው? ፒኑ አለ? ቱቦው አልተሰነጠቀም? ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ጠቋሚ ስለሌለው የሚታወቀው በክብደቱ ነው። ትንሽም ከተረጨ አስሞላዋለሁ። ማጥፊያው የሚሰቀለው በር አጠገብ ነው። ከክፍሉ መጨረሻ ከሰቀላችሁት እሱን ለማምጣት ወደ እሳቱ ልትሮጡ ነው።

የምንሰበሰበው ከግቢው ውጭ፣ ባጃጅ ከሚቆምበት ማዶ ነው። እዚያ እቆጥራለሁ። ዘጠኛችን፣ ልብስ ልትለካ የመጣች ደንበኛ ካለች እሷ፣ ቡና የምታፈላልን ልጅም። ደመወዝ መዝገብ ላይ ስሟ ስለሌለ መጀመሪያ የምትረሳው እሷ ናት።