ከበሮ ለሌለው፦ በጀሪካን፣ በቆርኪና በድስት ክዳን ምት ማውጣት

ጥምቀት ሲቃረብ ጎንደር ውስጥ ከበሮ ተፈላጊ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ለከተራ ጭፈራ መዘጋጀት ይጀምራል፣ ያለው አንድ ከበሮ ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። እናንተ ግን ምት ለመማር ተራ መጠበቅ የለባችሁም። ከበሮውን ልብ ብላችሁ እዩት። አንዱ አፉ ሰፊ ነው፣ ሌላው ጠባብ። ሰፊው ወፍራም ድምፅ ያወጣል፣ ጠባቡ ቀጭን። ጨዋታው በነዚህ ሁለት ድምፆች መካከል ስለሆነ፣ እነሱን የሚሰጣችሁ ማንኛውም ዕቃ ይበቃችኋል።

ለእኔ አንደኛው ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ነው። ባዶውን፣ ክዳኑን ከፍታችሁ አጋድሙትና ጭናችሁ ላይ አስቀምጡት። ዘይት የነበረበት ከሆነ በሳሙና እጠቡት፣ እጅ ያንሸራትታል። የሰፊውን ጎን መሀል በመዳፍ ምቱና እጃችሁን ቶሎ አንሱ፤ እጅ እዚያው ከቆየ ድምፁን ያፍነዋል። ይሄ ወፍራሙ ነው። ቀጭኑን ጠርዙ አካባቢ በጣት ጫፍ ታገኙታላችሁ።

አሁን እስከ 6 ቁጠሩ። 1 ላይ ወፍራም፣ 3 ላይ ቀጭን፣ 4 ላይ ወፍራም፣ 6 ላይ ቀጭን። 2 እና 5 ላይ ምንም የለም። በአፍ ስትሉት «ዱም... ታዱም... ታዱም... ታ» እያለ ይሄዳል። እስክስታ የሚወረድበት የችክችካ መሠረት ይሄው ነው። ጀማሪ ሁሉ 2 እና 5ን መሙላት ያምረዋል፣ እባካችሁ ተዉት፣ ባዶው ቦታ ሲሞላ ምቱ ይደርቃል። ቀስ ብላችሁ ጀምሩ። ጎንደር ያለችው የበአታ ቤተ ክርስቲያን የአቋቋም፣ ማለትም የማኅሌት ዜማና ሽብሸባ ትምህርት፣ ማስመስከሪያ ናት፣ እና ማኅሌት ቆማችሁ የምታውቁ ከሆነ መረግድ በሚባለው ክፍል ላይ ከበሮው እንዴት በእርጋታ እንደሚሄድ፣ ጽፋት የሚባለው ክፍል ላይ ሲደርስ ደግሞ እንዴት እንደሚፈጥን ሰምታችኋል። ፍጥነት በስተመጨረሻ ነው የሚመጣው። የማኅሌቱን ምት ራሱን ግን ጀሪካን ላይ አታውርዱት፤ እሱን መማር የፈለገ መሪጌታ ዘንድ ሄዶ ነው የሚማረው።

ጀሪካኑ ብቻውን አይበቃም፣ የሚንሿሿ ነገር ይፈልጋል። ባላ እንጨት ፈልጉ። ከለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ ሰብስቡና ውስጡ ያለችውን ፕላስቲክ አውጡ። ይህን አትዝለሉት፣ ፕላስቲኳ ካለች ቆርኪው አይጮህም። በመዶሻ ጠፍጥፉት፣ በሚስማር መሀሉን ብሱት፣ ሽቦ ላይ ደርድራችሁ ሽቦውን ከባላው አንድ ክንድ ወደ ሌላው እሰሩት። ቆርኪው ላላ ብሎ መንሸራተት አለበት። ስለቱን ትንንሽ ልጆች እንዳይነኩት ወደ ውስጥ ቀጥቅጡት። ይህ ካስቸገራችሁ ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ሩቡን ያህል እህል ጨምሩና ክዳኑን ግጠሙት፤ ጤፍ ስስ ድምፅ አለው፣ በቆሎ ግን ይንኳኳል።

ሙቀጫና ዘነዘና ያለበት ቤት ደግሞ የቆመ ምት አለው። ቡና የሚወቅጥ ሰው ሳያስበው እኩል ይመታል፣ ስለዚህ 1 እና 4ን ለእሱ ስጡት።

የድስት ክዳን ሲምባል፣ ማለትም እርስ በርስ የሚጋጭ የብረት ሳህን፣ ይሆናል። ሁለት ክዳን በእጀታቸው ያዙ፣ ግን ፊት ለፊት አታላትሟቸው፣ አየር መሀላቸው ይታፈንና «ጷ» ብሎ ይቀራል። አንዱን ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ጠርዙ ቀድሞ እንዲነካ አንሸራቱት። የኦርኬስትራ ሲምባል መቺዎችም የሚያደርጉት ይሄንኑ ነው። ቲምፓኒ የሚባለው የእነሱ ከበሮ ደግሞ ከእኛ ነጋሪት ጋር ዘመድ ይመስላል፦ ሁለቱም እንደ ድስት የጎደጎዱ፣ ቆዳቸው በአንድ ወገን ብቻ የተወጠረ፣ ሁለቱም በጦር ሰልፍ በእንስሳ ጀርባ ተጭነው የተጎሰሙ። ዛሬ የቲምፓኒ መቺ ፔዳል ረግጦ ቆዳውን ያጠብቃል ወይም ያላላል፣ በዚያም ድምፁን ያቀጥናል ያወፍራል። እናንተ ባልዲ ድፉና ከአንድ ወገን ጠጠር አስደግፉት፤ ድምፁ በስር መውጫ ካገኘ ወፍራም ሆኖ ይመጣል። ከፍና ዝቅ ያለ ድምፅ ከፈለጋችሁ ብርጭቆዎች ላይ የተለያየ መጠን ውሃ ቅዱና በማንኪያ ንኳቸው። ውሃ የበዛበት ይወፍራል።

አምስት ስድስት ሆናችሁ ስትጫወቱ ጀሪካኑ መሀል ይቀመጥ፣ ሌላው ሁሉ እሱን ይስማ። ቆርኪው መጨረሻ ላይ ይግባ፣ ቀድሞ ከገባ ሌላውን ይውጠዋል።

እውነተኛው ከበሮ እጃችሁ ሲገባ እጃችሁ አስቀድሞ ያውቀዋል፣ የቀረው ቆዳውን መጠበቅ ነው። ቆዳ እርጥበት ሲነካው ይላላል፣ በክረምትና በከተራ ሌሊት ቅዝቃዜ ድምፁ የሚሞተው ለዚህ ነው። ከመጫወታችሁ በፊት ፀሐይ ላይ አውጡት። ሌሊት ከሆነ እሳት አጠገብ፣ ግን ራቅ አድርጋችሁ፣ እያዟዟራችሁ ሁለቱንም አፍ አሙቁት። በጣታችሁ ነካ ስታደርጉት ጥርት ብሎ ከጮኸ ደርሷል፤ ከዚያ በላይ ከቆየ ቆዳው ይሰነጠቃል።