ለኦንላይን ግጥም ንባብ ሰው ስትጠሩ እንዳትሳሳቱ

ከሁሉ በፊት ሰዓቱ። «ቅዳሜ 2 ሰዓት» ብሎ ለጥፎ ዝም የሚል አዘጋጅ ሳይ ሆዴ ይቃጠላል። የማን 2 ሰዓት? ድሬዳዋ ከዚራ ለተቀመጠው ከምሽቱ ነው፤ ዋሽንግተን ላለው ዘመዳችን ግን ከቀትር በኋላ ነው። እኔም ይህንኑ ጥፋት አጥፍቻለሁ። ወሩ ሰኔ ነበር። አንዲት ልጅ ከአንድ የግእዝ ቅኔ ተነስታ የጻፈችውን ግጥም ለአራት ሰው አነበበች። ጨርሰን ልንወጣ ስንል፣ እዚህ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ፣ አሜሪካ ያሉት አክስቶቿ ተከታትለው ገቡ። እነሱ ጋ 2 ሰዓት የሞላው ያኔ ነው። «አለፈ እንዴ የኔ ልጅ?» ሲሏት ካሜራዋን አጠፋች። ያንን አልረሳውም።

ስለዚህ «ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል በኢትዮጵያ» ብላችሁ የዋሽንግተኑን ከሥሩ በእነሱ አቆጣጠር ጻፉ። እነሱ ሰዓታቸውን በዓመት ሁለቴ ስለሚቀይሩ ልዩነቱ አንዴ 7፣ አንዴ 8 ሰዓት ነውና የድሮውን ማስታወቂያ ገልብጣችሁ አትለጥፉ። ቀኑንም በሁለቱም ዘመን አቆጣጠር።

በመግሪብ (የጀንበር መጥለቂያ ሶላት) ሰዓት አትጥሩ፤ በረመዳን ደግሞ ተራዊሕ (የማታ ሶላት) እንዳለ አስቡ። ድሬ ላይ ይህን የረሳ ግማሹን አድማጭ አስቀርቷል።

ግጥሙ ከጥንት ሥራ የተነሳ ከሆነ ደግሞ «ክላሲካል ሥነ ጽሑፍ» የሚለው ቃል ብቻውን ሰው ያስደነግጣል። ጎረቤቴ እትዬ «እኔ ቅኔ ቤት አልገባሁ፣ መጥቼ ምን ልሰማ?» አሉኝ። ግጥሙ በአማርኛ መሆኑን፣ ከየትኛው የጥንት ታሪክ እንደተነሳ፣ ሰምና ወርቁን የሚፈታ ሰው መኖሩን ስነግራቸው መጡ፤ እስከ መጨረሻም ቆዩ። ይህንኑ ግብዣው ላይ ጻፉት፤ ከግጥሙም ሁለት ስንኝ ጣል አድርጉበት። ከቅኔ ዓይነቶች ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት (ስንኝ) ብቻ ነው፣ መወድስ ስምንት። ግብዣችሁ እንደ ጉባኤ ቃና አጭር ይሁን።

ነፃው ዙም በ40 ደቂቃ ይቋረጣል፤ አስቀድማችሁ አስቡበት። ሊንኩን ከመጀመሩ አንድ ሰዓት በፊት ድገሙት።

ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መጣል ደግሞ መጥራት አይደለም። በተለይ ትልልቆቹን ደውላችሁ «የኔታ፣ ነገ ማታ ግጥም እናነባለን፤ ቢገኙልን ደስ ይለናል» በሏቸው። ስልኩን የሚከፍትላቸው የልጅ ልጅ ካለ እሱንም አብራችሁ ጥሩት።