አጠር ላለ ነጂ የሞተር መቀመጫ፦ ከመቁረጥ በፊት ማጥበብ

እግር አለመድረሱ የሚታወቀው ሞተሩ ሲሄድ ሳይሆን ሲቆም ነው። የድሬዳዋው የከዚራ ሰፈር ኮብልስቶን ወደ ጠርዙ ያጋድላል። የደቻቱን ወንዝ በደረቁ ሲያቋርጡ አሸዋው ከእግር ስር ይሸሻል። ሐረር ጁገል ውስጥ ደግሞ ጠባቡ መንገድ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። እንዲህ ባለ ቦታ በጣት ጫፍ ብቻ መቆም አያዛልቅም። አብዛኛው ሰው ታዲያ በቀጥታ የባጃጅና የመኪና ወንበር ወደሚያለብስ ባለሙያ ሄዶ «ቁረጥልኝ» ይላል። አራት ጣት ስፖንጅ ከመሀል ይነሳለታል፣ በሳምንቱ መቀመጫው ጣውላ ይሆንበታል።

የተሳሳተው መቁረጡ ሳይሆን ቦታው ነው። እግርን ከመሬት የሚያርቀው የመቀመጫው ቁመት ብቻ አይደለም፤ ጭን የሚወርድበት የፊተኛው ክፍል ስፋትም ነው። እግሮች እንደ ኮምፓስ በተከፈቱ ቁጥር ወደ ታች የሚደርሱበት ርቀት ያጥራል። ስለዚህ መጀመሪያ ጎኑን አጥብቡ፣ ከላይ የምትቀንሱት ከዚያ በኋላ የጎደለውን ብቻ ይሁን።

ልኩን ለማወቅ የምትነዱበትን ጫማ አድርጋችሁ ግድግዳ ተደግፋችሁ ቁሙ። ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በእግሮቻችሁ መካከል እስከ ብሽሽት ድረስ ከፍ አድርጋችሁ ያዙ፣ ጠርዙ ግድግዳውን የነካበት ላይ ምልክት አድርጉና እስከ መሬት ለኩ። 74 ሴንቲ ወጣ እንበል። እጥፉ 148 ነው። አሁን ሞተሩን ሌላ ሰው ቀጥ አድርጎ ይያዝላችሁ። ሲባጎ ከግራ መሬት አስነስታችሁ፣ ከእግር መርገጫው ትንሽ ወደ ኋላ፣ በምትቀመጡበት ቦታ ላይ አሳልፋችሁ በቀኝ በኩል መሬት አድርሱት፤ ከዚያ ሲባጎውን ዘርግታችሁ ለኩ። የልብስ ሰፊ ሜትር 150 ሴንቲ ላይ ስለሚያልቅ ለዚህ አይበቃም። ይህ ቅስት ቁመትንም ስፋትንም በአንድ ላይ ይይዛል። ቢኤምደብሊው በሞተሮቹ ዝርዝር ላይ ከመቀመጫ ከፍታ ጎን ይህንንም ልኬት የሚያወጣው ለዚህ ነው።

አንድ እርማት ይቀራል። ስትቀመጡበት ሞተሩ ይወርዳል። ከኋላ ጎማው መሀል እስከ ፓራፋንጎው ላይ እስካለ አንድ ምልክት ድረስ፣ አንዴ ባዶውን አንዴ ተቀምጣችሁበት አስለኩ። 3 ሴንቲ ከወረደ ከቅስቱ 6 ቀንሱ። የቀረው ቁጥር ከ148 ጋር እኩል ወይም ያነሰ ከሆነ ሁለቱም እግሮች ሙሉ በሙሉ ይደርሳሉ። በ8 ሴንቲ ከበለጠ እያንዳንዱ ተረከዝ ወደ 4 ሴንቲ ይነሳል፤ ይህም ችግር የለውም። ሁለት ተረከዝ መሬት ካልነካ ሞተር አይነዳም የሚባለውን አትስሙ። የእግራችሁ መዳፍ ፊተኛው ክፍል አጥብቆ ከቆመ ይበቃል። ዳገት ላይ እንኳ ትክክለኛው አቋቋም ግራ እግር መሬት፣ ቀኝ እግር የኋላ ፍሬን ላይ ነው።

የፋብሪካ ቁጥር ብቻውን የሚያታልለውም እዚህ ላይ ነው። ቲቪኤስ አፓቼ አርቲአር 180 የመቀመጫው ከፍታ 790 ሚሊ ነው፣ ያማሃ ኤክስቲዜድ 125 ደግሞ 840። በወረቀት ልዩነቱ 5 ሴንቲ ነው። ግን እንደ ያማሃው ያለ የገጠር መንገድ ሞተር መቀመጫው ቀጭን፣ ሞርዛተሩም (ንዝረት የሚያበርደው) ረጅምና ለስላሳ ስለሆነ ሰው ሲወጣበት ልዩነቱ ይጠባል። ሞተር ልትገዙ ከሆነ ሲባጎውን ይዛችሁ ሂዱ።

ስፖንጅ ከመንካት በፊት ገንዘብ የማይጠይቀውን ጨርሱ። የኋላ ሁለት ሞርዛተር ያላቸው ሞተሮች ሞላው ስር የሚዞር ባለ እርከን ቀለበት አላቸው። ቀላል ሰው ከሆናችሁ ወደ ለስላሳው እርከን መልሱት፣ ግራና ቀኙ ግን እኩል እርከን ላይ ይሁን። ስትቀመጡ አንድ ሴንቲ አካባቢ ይጨምርላችኋል። ሰው ከኋላ ጭናችሁ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት የምትወጡ ቀን ወደ ጠንካራው መልሱት፣ አለበለዚያ በየጉድጓዱ ሞርዛተሩ እስከ መጨረሻው እየገባ ይመታል። ጫማም ቀላል መፍትሔ ነው፤ ሶሉ ወፈር ያለ፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ 2 ሴንቲ ይሰጣል። በነጠላ ጫማ ልኬት ወስዶ መቀመጫ ማስቆረጥ ብዙ ያየነው ስህተት ነው።

ወደ መቀመጫው እንምጣ። የሚያስፈልገው ካቻቪቴና ፒንሳ፣ ስለታም ረጅም ቢላዋ ወይም የሴጌቶ ምላጭ፣ ሻካራ የብርጭቆ ወረቀት (40 ወይም 60 ቁጥር)፣ ካርቶን፣ ማርከር፣ ማስቲሽ፣ ባለ 6 ሚሊ ስቴፕልና መምቻው ነው። መቀመጫውን በቁልፍ ወይም ከስር ያሉትን ቡሎኖች ፈታችሁ አውጡ። ሮንዴላዎቹን እንዳትጥሉ፤ ሳይመለሱ ሲቀሩ መቀመጫው ይንኳኳል። ሽፋኑን ከኋላ ጀምራችሁ ስቴፕሉን አንድ በአንድ እየነቀላችሁ ግለጡ። አሮጌ ሞተሮች ላይ መሠረቱ ቆርቆሮ ሆኖ ሽፋኑን የሚይዘው የታጠፈ ጥርስ ሊሆን ይችላል። ጥርሱን ቀስ ብላችሁ አንዴ ብቻ አንሱት፣ ሁለት ሦስቴ ከታጠፈ ይሰበራል። ስፖንጁ እርጥብ ከሆነ አድርቁት። እርጥብ ስፖንጅ ላይ ማስቲሽ አይይዝም።

ቀጥሎ ውፍረቱን እወቁ። ለዚህ ከሐረር ሰፌድ ሰፊዎች ወስፌ የተሻለ መሣሪያ የለም። የመቀመጫ አጥንታችሁ በሚያርፍበት ቦታ ወስፌውን መሠረቱን እስኪነካ ድረስ ወግታችሁ በጣት ያዙና ለኩ። እዚያ ቦታ ላይ ከተቆረጠ በኋላ ቢያንስ 5 ሴንቲ መቅረት አለበት። ውፍረቱ 7 ከሆነ ከላይ የሚወርደው 2 ብቻ ነው፣ ባለሙያው የፈለገውን ቢልም።

ስፖንጁን መሠረቱ ላይ እንዳለ ሞተሩ ላይ መልሳችሁ ተቀመጡበት፣ እግራችሁን አውርዱና ጭናችሁ የሚጫነውን ጠርዝ በማርከር ከብቡ። የመሀል መስመር አስምሩ። የአንዱን ጎን ቅርጽ ካርቶን ላይ ቆርጣችሁ ገልብጣችሁ ለሌላው ጎን ተጠቀሙበት። በዓይን የተቆረጠ ሁለት ጎን እኩል ሆኖ አያውቅም፣ ወገባችሁ በሩቅ መንገድ ያውቀዋል። ከእያንዳንዱ ጎን ከ2 እስከ 3 ሴንቲ፣ ጠርዙን ጋደል አድርጋችሁ ቁረጡ። አንዴ ወፍራም አትግመጡ፤ እንደ ሥጋ ዘልዛላ ስስ ስሱን አንሱ። መልሳችሁ ተቀመጡ፣ ለኩ። ብዙ ጊዜ ሥራው እዚህ ላይ ያልቃል።

ካላለቀ ከላይ ቀንሱ፤ ግን የምትቀመጡበት ቦታ ጠፍጣፋ ወይም ወደ ኋላ በጣም ትንሽ ያዘነበለ ይሁን። ከፊት ብቻ የተቆረጠ መቀመጫ ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር ወደ ቤንዚን ታንኩ ያንሸራትታችኋል። መሀሉ ብቻ እንደ ድስት የተጎደጎደ ደግሞ አንድ ቦታ ቆልፎ ይይዛችኋል፣ ቦታ ለመቀየር ያስቸግራል። ከኋላ ወደሚቀመጠው ሰው የሚወስደውን ደረጃ ጥግ አታድርጉት፣ ተዳፋት ይሁን። ሲጨርስ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። ሻካራ የቀረ ጠርዝ በሽፋኑ ውስጥ ይታያል።

የቀነሳችሁትን ምቾት ለመመለስ ለፍራሽ የሚሸጥ ለስላሳ ስፖንጅ አትጨምሩ። ሱቅ ውስጥ በእጅ ሲነካ ደስ ይላል፣ ሃያ ደቂቃ ከተነዳ በኋላ ግን ተጨፍልቆ አጥንት መሠረቱን ያገኛል። ከአሮጌ የመኪና ወንበር የወጣ ጠንካራ ስፖንጅ ይሻላል። በአውራ ጣት ስትጫኑት የሚገፋችሁ መሆን አለበት። ከላዩ 1 ሴንቲ ለስለስ ያለ ንጣፍ ይበቃል። ማስቲሹን በሁለቱም ፊት ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ እጅ ላይ መጣበቅ እስኪያቆም ጠብቁና አገጣጥሙ። ወፍራም የተቀባ ማስቲሽ ሲደርቅ ጠጠር ይሆናል።

ሽፋኑን ከመዝጋት በፊት ፌስታል ጠቅልላችሁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ንዱበት። ለባለሙያ ከሰጣችሁት የምትሉት ይኸው ነው፦ «አቦ፣ ከፊት ጎኑን አጥብበው፣ ከላይ ሁለት ሴንቲ ብቻ አውርድ፣ ሳልቀመጥበት አትዝጋው።» ባጃጅ የሚያስጌጥ ሰው እጁ የለመደው ማወፈርና ማሳመር ስለሆነ ካልነገራችሁት ሶፋ ሠርቶ ይሰጣችኋል።

ስፖንጁን ከቆረጣችሁ በኋላ አሮጌው ሽፋን ሰፊ ይሆንበታል። የተጎደጎደ ቦታ ላይ ደግሞ እንደ ድንኳን ተወጥሮ ከስፖንጁ ይርቃል፣ ስትቀመጡ ይሸበሸባል፣ ከዚያም ይቀደዳል። በማስቲሽ እለጥፈዋለሁ ማለት ድሬዳዋ ላይ አያዋጣም፣ ሙቀቱ ይፈታዋል። መፍትሔው ሽፋኑን በተዳፋቱ ላይ በሚያልፍ ስፌት ከሁለት ወይም ከሦስት ክፍል መስፋት ነው። ስፌቱ ጭን ስር አይግባ፣ ይቆርጣል፤ ውሃም የሚገባው በእሱ ነው። ስሙን ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ባገኘው በሐረሩ የልብስ ሰፊዎች መንገድ በመኪና ግርግር የጨርቅ ልብስ በደቂቃዎች ይሰፋላችኋል፣ ለዚህ ግን ወፍራም መርፌ ያለው የቆዳ ስፌት መኪና ፈልጉ። ከመወጠሩ በፊት ሽፋኑን ፀሐይ ላይ አስራ አምስት ደቂቃ ዘርጉት፣ ይለዝባል። ሐረር ላይ ደመና ከሆነ የፀጉር ማድረቂያ ይሠራል። መጀመሪያ የፊቱንና የኋላውን መሀል፣ ቀጥሎ ጎኖቹን፣ በመጨረሻ ማዕዘኖቹን ምቱ። ከ6 ሚሊ የረዘመ ስቴፕል መሠረቱን አልፎ ወደ ስፖንጁ ይገባል።

ቀለሙን ጥቁር አታድርጉት። ፀሐይ ላይ የቆመ ጥቁር ሽፋን ድሬ ላይ እንደ ምጣድ ነው። ግራጫ ወይም የአፈር ቀለም፣ ፊቱም ትንሽ ሻካራ ይሁን። አየር ያስገባል ተብሎ የሚለበሰው መረብ ሽፋን ጥሩ ነው፣ ግን 1 ሴንቲ ውፍረት ካለው ከላይ ከቆረጣችሁት ግማሹን መልሶባችኋል።

የሞርዛተር ሞላ በግራይንደር መቁረጥ የሚባል ነገር አለ። አታድርጉት። ያጠረ ሞላ ይጠነክራል፣ ጎማው ከጉድጓድ ሲወጣ ደግሞ ሞላው ሞርዛተሩ ላይ ከተቀመጠበት ቦታ ሊላቀቅ ይችላል። በሌላ መንገድ ሞተሩን ራሱን ዝቅ ካስደረጋችሁ የጎን ማቆሚያው ይረዝምበታል፣ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይቆምና በትንሽ ግፊት ወደ ሌላው ጎን ይወድቃል፤ ማቆሚያውም በዚያው ልክ ማጠር አለበት። መቀመጫ ብቻ የቀየረ ሰው ይህ ጣጣ የለበትም።

ሐረር ደርሳችሁ ስትመለሱ መቀመጫውን አንድ ጊዜ ገልብጡና ስቴፕሎቹን እዩ። ሽፋኑ በሙቀት ላልቶ ከሆነ ማዕዘኖቹን ነቅላችሁ እንደገና ወጥሩ።