ድምፅን በጤፍ ፍሬ፣ በማሲንቆና በጭብጨባ ማስተማር

የድምፅን ምዕራፍ በትርጓሜ የጀመረ መምህር ተማሪዎቹን ለሽምደዳ ይዳርጋቸዋል። ሰሌዳው ላይ አንዲት ቃል ከመጻፉ በፊት ንዝረትን በዓይናቸው ቢያሳያቸው እጅግ ይሻላል።

ለዚህም የባዶ ወተት ጣሳ አፍ በፌስታል ተወጥሮ ይታሰርና ጥቂት የጤፍ ፍሬ ይበተንበታል። ከዚያ ከበሮ ጣሳውን ሳይነካ አጠገቡ ሲመታ ጤፉ ይዘላል። ከመምታትዎ በፊት ግን እያንዳንዱ ተማሪ ምን እንደሚሆን ግምቱን በደብተሩ ይጻፍ። «ነፋስ ገፍቶት ነው» የሚል ቢኖር ቸኩለው አያርሙት፤ ቀርቦ እንዲያይ ያድርጉት። ነፋስ ቢሆን ኖሮ ፍሬዎቹ ወደ አንድ ወገን በተጠረጉ ነበር፤ እርሱ የሚያየው ግን ባሉበት ሲዘሉ ነው።

የድምፅን ቅጥነትና ውፍረት ለማስረዳት ከማሲንቆና ከክራር የተሻለ መሣሪያ አላውቅም። ማሲንቆ አንድ ክር ብቻ ስላለው ጣት የሚንዘረውን ርዝመት ሲያሳጥር ድምፁ ይቀጥናል፤ በግማሹ ላይ ሲያዝ ድግግሞሹ፣ ማለትም ክሩ በሴኮንድ የሚንዘረው ጊዜ ብዛት፣ ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ ይህንንም በስልክ መቃኛ መተግበሪያ በሄርዝ (በድግግሞሽ መለኪያ) ማንበብ ይቻላል። ክራር ላይ ደግሞ የክሩ ርዝመት ሳይለወጥ ውጥረቱ ብቻ ይጨመራል። ሁለቱን በተከታታይ ማቅረብ የርዝመትንና የውጥረትን ሚና ለይቶ ያሳያል። ነገር ግን ድግግሞሹን እጥፍ ለማድረግ ውጥረቱ አራት እጥፍ መሆን ስላለበት፣ ክሩ እንዳይበጠስ በጥቂቱ ብቻ ይክረር።

የድምፅን ፍጥነት ለመለካት ከትልቅ ግንብ 80 ሜትር ርቆ መቆም ያስፈልጋል። አንድ ተማሪ ሁለት ጣውላዎችን እያጋጨ፣ እያንዳንዱ ምት ከቀደመው ምት የገደል ማሚቶ ጋር እስኪገጥም ድረስ የአመታቱን ፍጥነት ያስተካክላል። ሌላው ሰዓት ይይዛል፤ ቆጠራውም «ዜሮ» ብሎ ይጀምራል፤ በ«አንድ» ከጀመረ በምቶቹ መካከል ካሉት አንድ ክፍተት ይጎድላል፣ ስሌቱም ይዛባል። ድምፁ በእያንዳንዱ ክፍተት ግንቡ ደርሶ ሲመለስ 160 ሜትር፣ በ20 ክፍተቶች ደግሞ 3200 ሜትር ስለሚጓዝ፣ ጊዜው ወደ 9.3 ሴኮንድ ከተጠጋ ፍጥነቱ በሴኮንድ 343 ሜትር ገደማ ነው፤ ይህም በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚጠበቀው ነው።

አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ላይ ያለ ተማሪ አየሩ ስለሳሳ ድምፅ ይዘገያል ብሎ ሊያስብ ይችላል። ፍጥነቱን የሚወስነው ግን የአየሩ ግፊት ሳይሆን ሙቀቱ ነው፤ በእያንዳንዱ ዲግሪ በሴኮንድ 0.6 ሜትር ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ልኬቱ ማለዳና እኩለ ቀን ላይ ቢደገም፣ ልዩነቱ ትንሽ በመሆኑ ክፍተቶቹን ወደ 100 ማሳደግ ተገቢ ነው።