ዝናብ ሳይዘንብ ድንኳናችሁ ውስጡ ረጥቦ ካደረ

ሐይቅ ዳር አድራችሁ ጠዋት የድንኳኑ ጣሪያ ውሃ ካንጠባጠበ፣ ተቀዷል ብላችሁ አትደንግጡ። የራሳችሁ ትንፋሽ ነው። ቀዝቃዛው ሸራ ላይ ሲያርፍ ወደ ውሃ ይለወጣል።

ከውሃው 60 ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ፣ ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ትከሉ። ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ስለሚከብድ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል፤ ሐይቁ ዳር ደግሞ እርጥበቱ ይብሳል። ጥቂት ሜትር ከፍታ እንኳ ለውጥ አለው። ከዚያ በሁለቱም በኩል ያለውን የአየር ማስገቢያ ክፍት አድርጋችሁ ተኙ። ይበርደናል ብላችሁ እንዳትዘጉት! ይበልጥ የሚያበርደው የረጠበ የመኝታ ልብስ ነው።

ዛፍ ሥር ጤዛው ይቀንሳል፤ ግን ቀና ብላችሁ የደረቀ ቅርንጫፍ አለመኖሩን እዩ። መብረቅ የሚያሰጋ ከሆነ ጉብታውንም ብቸኛ ዛፍ ሥር መትከሉንም ተዉት።