ያለ ምክንያት የሚቆመውን ትራፊክ በእርሳስና በሳንቲም መሥራት

ትራፊኩ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሚኒባስ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ «ፊት አደጋ አለ» ይላል። ትንሽ ቆይቶ ይለቃል። ስናልፍ ግን አደጋም የለ፣ ትራፊክ ፖሊስም የለ። ፊዚክስ አስተማሪ ነኝና ተማሪዎቼ ይህን ነገር ኮምፒውተር ከመንካታቸው በፊት በእርሳስ እንዲሠሩት አደርጋለሁ። ያጉረመርማሉ፤ ግን ይገባቸዋል።

ዘዴው ከጀርመን የመጣ ነው። ካይ ናግልና ሚካኤል ሽሬከንበርግ የተባሉ ፊዚሲስቶች እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጡት ሞዴል ነው። መንገዱን በካሬ ከፋፈሉት፣ ጊዜውንም በሴኮንድ ቆራረጡት። አንዱ ካሬ 7.5 ሜትር ነው፤ ተጨናንቆ የቆመ መኪና ከፊቱ ካለው ክፍተት ጋር የሚይዘው ቦታ ማለት ነው። የእነሱ መኪና እስከ 5 ካሬ በሴኮንድ ይሄዳል። ያ የአውራ ጎዳና ፍጥነት ነው። ለከተማ 2 ይበቃናል፤ በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

ባለ ካሬ ደብተር አምጡና በአግድም 30 ካሬ ቁጠሩ። ከ30ኛው ቀጥሎ ያለው ተመልሶ 1ኛው ነው፤ መንገዱ ክብ ነው። ይህ መኪናው ከየት ገባ፣ በየት ወጣ ከሚል ጣጣ ይገላግለናል። 12 መኪና አስገቡ። በመሃላቸው አንዴ 1፣ አንዴ 2 ባዶ ካሬ እያፈራረቃችሁ ተዉ። መኪናውን በባቄላ አታመልክቱ፤ ባቄላ ፍጥነት አያስታውስም። ካሬው ውስጥ ፍጥነቱን በቁጥር ጻፉ። ሁሉም በ1 ይጀምሩ።

አሁን ለእያንዳንዱ መኪና በየሴኮንዱ ይህን በቅደም ተከተል አድርጉ። ፍጥነቱ ከ2 በታች ከሆነ 1 ጨምሩለት። ፊቱ ያለው ባዶ ካሬ ከፍጥነቱ ካነሰ፣ ፍጥነቱን ወደ ባዶው ካሬ ቁጥር አውርዱ። ፍጥነቱ 0 ካልሆነ ሁለት ሳንቲም ወርውሩ፤ ሁለቱም በአንበሳው በኩል ካረፉ 1 ቀንሱበት። የሁሉም ፍጥነት ከታወቀ በኋላ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አንቀሳቅሱና ከሥር አዲስ ረድፍ ጻፉ።

«በአንድ ጊዜ» የሚለው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አንዱን መኪና አንቀሳቅሶ ከኋላው ያለውን በአዲሱ ክፍተት ያሰላዋል። ያ ሌላ ሞዴል ነው። ስታሰሉ ዓይናችሁ የላይኛው ረድፍ ላይ ብቻ ይሁን። ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ስትጽፉትም አሮጌውን ረድፍ ሳትነኩ አዲሱን በሌላ ዝርዝር ያዙ።

በእጅ 15 ረድፍ ያህል ይበቃል። ከዚያ በላይ ሳንቲም መወርወር ቅጣት ነው። አንዱ ይወርውር፣ አንዱ ይጻፍ። ከዚያ ደብተሩን ራቅ አድርጋችሁ 0ዎቹን ተመልከቱ። ብዙውን ጊዜ ተሰባስበው ታገኟቸዋላችሁ። መኪኖቹ ወደ ቀኝ እየሄዱ መጨናነቁ ወደ ግራ ይንሸራተታል። ከፊት ያለው ሲለቀቅ ከኋላ ሌላው መጥቶ ይሰለፋል። በእውነተኛ አውራ ጎዳናም መጨናነቁ በሰዓት ወደ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ኋላ ይጓዛል።

ቀጥሎ ሳንቲሙን ትታችሁ ከመጀመሪያው ድገሙት። ማንም አይቆምም። 12ቱም መኪኖች 1 እና 2 እያፈራረቁ ሲዞሩ ይኖራሉ። የሞዴሉ ነፍስ ሳንቲሙ ነው፤ ስልክ የሚያየው፣ ሳያስፈልገው ፍሬን የሚነካው ሹፌር እሱ ነው። ደግሞ ሳንቲሙን መልሱና መኪኖቹን 6 አድርጓቸው። አንዱ ቢዘገይም ብዙ ጊዜ ከኋላው ያለው ሳይደርስበት ፍጥነቱን ይመልሳል።

ጃፓን ውስጥ ይህንኑ በእውነተኛ መኪና ሞክረውታል። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ዙሪያው 230 ሜትር በሆነ ክብ መንገድ ላይ 22 መኪና አስገብተው፣ ሹፌሮቹን በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲነዱ ጠየቁ። መጀመሪያ ሰላም ነበር። ከዚያ ምንም ሳያግዳቸው መቆምና መነሳት ጀመሩ።

መንገድ የማይመለከታቸው ሰዎችም ይህን ዓይነት ነገር ይጠቀማሉ። የዚህ ሞዴል የቅርብ ዘመድ እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው ለራይቦዞም ነበር፤ በሴል ውስጥ አር.ኤን.ኤ በሚባል የመመሪያ ክር ላይ እየተራመደ ፕሮቲን ለሚሠራው። እሱም ፊቱ ያለውን መቅደም አይችልም።

የኛን ከተማ ማስገባት ያምራችኋል፤ ጉድጓዱ፣ ዝናቡ፣ አህያው። አንድ በአንድ አድርጉት። እኔ የምጀምረው በ«ወራጅ አለ» ነው። ከ12ቱ ሦስቱን ሚኒባስ ብላችሁ ክበቧቸው። ሚኒባስ 10ኛው ካሬ ላይ ሲያርፍ 5 ረድፍ ይቁም። ሌላ ምንም አትንኩ። ከ30ኛው ወደ 1ኛው ካሬ ስንት መኪና እንዳለፈ ቁጠሩና ያለ ሚኒባስ ከሠራችሁት ጋር አስተያዩ። ይሄኛውን ግን በኮምፒውተር ሥሩት፤ ጥቂት ሺህ ረድፍ ይፈልጋል። ከመቁጠራችሁ በፊት የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶዎች ጣሉ፤ እነሱ የሚያሳዩት እናንተ መኪኖቹን የደረደራችሁበትን ሁኔታ ነው።