የጃፓን ፖፕ ሲንግል ታሪክን ከሽፋኑ ማንበብ

የጃፓን ፖፕ ሲንግል፣ ማለትም አንድ ዋና ዘፈን ይዞ የሚወጣ ሲዲ፣ እንዳገኛችሁ ወዲያው ማጫወቻ ውስጥ አትክተቱት። መጀመሪያ ጎኑ ላይ የተጠመጠመች የወረቀት ቁራጭ ካለች እሷን እዩ። «ኦቢ» ትባላለች፣ የኪሞኖ መቀነት እንደማለት ነው። ብዙ ሰው ቀዶ ይጥላታል፣ እናንተ ግን እንዳታደርጉት! ዋጋው፣ የካታሎግ ቁጥሩ፣ አንዳንዴም ዘፈኑ የየትኛው ድራማ ወይም አኒሜ (የጃፓን ካርቱን) ማጀቢያ እንደሆነ እዚያች ላይ ታገኛላችሁ፤ ይቺ የመጨረሻዋ ነገር ደግሞ ዘፈኑ ለምን በዚያ ሰሞን እንደወጣ ብዙ ጊዜ ቁልጭ አድርጋ ትነግራችኋለች።

ቀጥሎ የወጣበትን ቀን ፈልጉ። አብዛኛው ሲንግል ረቡዕ ነው የሚወጣው። ኦሪኮን የተባለው የሽያጭ ሰንጠረዥ ሳምንቱን ከሰኞ እስከ እሁድ ስለሚቆጥር፣ ቀኑ ዘፈኑ በመጀመሪያው ሳምንት ለመሸጥ ስንት ቀን እንደነበረው ይነግራችኋል።

ዲስኩ ትንሽ፣ 8 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ ከ1988 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ወዲህ የመጣ ነው፤ በ1990ዎቹ ገበያውን የሞላው እሱ ነበር።

ከዚያ የግጥሙን ወረቀት ዘርጉ። «ሳኩሺ» ግጥም፣ «ሳክዮኩ» ዜማ፣ «ሄንክዮኩ» ቅንብር ነው። እነዚህን ሦስት ቃላት ከለያችሁ ከዘፋኙ ጀርባ ያሉት ሰዎች ይወጣሉ። እኔ በበኩሌ ትልቁ ወሬ ያለው እዚህ ነው እላለሁ።

ርዕሱን ብቻ ግን አትመኑ። የጃፓናዊው ዘፋኝ የክዩ ሳካሞቶ የ1961 ዘፈን በጃፓንኛ «ቀና ብዬ ልራመድ» እንደማለት ነው፣ እንባው እንዳይፈስ። በ1963 አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ሲወጣ ግን የተሰጠው ስም «ሱኪያኪ» ነበር። የሥጋ ወጥ! ከዘፈኑ ጋር ምንም አይገናኝም።